የግቢያችን የወገብ ኩረጃ

ድሮም ቢሆን አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ልጅ ሳለሁ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ?» ትለኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ልሞላ ስል ወገቤ ተያዘና እሾሁ እውነት ሆነ። ቢሮ ጥቂት ከተቀመጥኩ ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ ባቴ የሚነዝር ነገር ይይዘኛል። ስነሳ ያ ይተወኝና ጉልበቴ ይዝላል። ስለዚህ ስነሳ ስቀመጥ እውላለሁ። አለቃዬ ታዝቦ ታዝቦ አንድ ቀን የምትጠብቂው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱን የፋይል ካቢኔው ላይ አውጥቼ ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። ጸሐፊ ነኝ፤ እንጀራዬ መቀመጥ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ላይ ወገቡን ያመመው ሰው ሐኪም አያጣም። ያየኝ ሁሉ «ዲስክ ነው» ይለኛል። ከለገሃር በምሳፈርበት ታክሲ ወያላው ሳይቀር ፍራሹን ጥለሽ ሳንቃ ላይ ተኚ ብሎኛል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ፤ ሰውዬው በቅቤ አሽቶ አሽቶ እንባዬን አወረደው። ሌላዋ ጨው አግላ፣ በጨርቅ ቋጥራ ተኮሰችኝ። ሳንቃውንም ሞከርኩት፤ ፈቃድ ወስጄ ተጋድሜ ሰነበትኩና ስነሳ እኔው ሳንቃ ሆኜ ተነሳሁ። በቃ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅብኝ ነው ከቢሮዬ ብዙ ወደማይርቅ አንድ ክሊኒክ የሄድኩት። ሐኪሙ አገላብጦ መረመረኝና ለቀዶ ጥገና የሚያደርስ ነገር እንደሌለ ነግሮኝ፣ ምድር ቤት ወዳለችው ጠባብ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ።

እዚያ ያገኘኋት ልጅ፣ እኔ በጊዜው ወልጄ ቢሆን ኖሮ ልጄን ታክላለች። ሕክምናውን ትሰጣለች፤ ጎን ለጎን ደግሞ ስለ ወገብና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ጥናት ትሠራለች። ረጋ ያለች ናት፤ እንዲህ ረጋ ያለ ሰው ያናድደኛል። የነገረችኝ ግን ግልጽ ነበር። ሰው ወገቡን ሲያመው ይተኛል፤ ሲተኛ ጡንቻው ይሰንፋል፤ ጡንቻው ሲሰንፍ ሕመሙ ይብሳል። አብዛኛው የወገብ ሕመም የሚፈልገው እንቅስቃሴ መሆኑ ሌላ አገር ብዙ ተጠንቷል፤ እሷ ማወቅ የፈለገችው እኛ ጋ፣ ማሽን በሌለበት፣ አንድ ወንበርና አንድ ምንጣፍ ይዞ ማስተማር ይጠቅማል ወይ የሚለውን ነው። መጥቀሙን ካሳየች ክሊኒኩ ክፍሏን ሊያሰፋላት ቃል ገብቷል። እኔን በጥናቱ እንድሳተፍ ጠየቀችኝና ሌላም የሚያውቁት ታማሚ ካለ ይዘው ይምጡ አለችኝ። ወዲያው እትዬን አሰብኩ።

እትዬ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች ነበር የምንኖረው፤ የእኔንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲያስሉ እሰማለሁ፤ ሳስነጥስ ከማዶ «ይማርሽ» ይሉኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ሂሳብ ያስተማሩ መምህርት ናቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወገባቸውና ጉልበታቸውም አብሮ ወጣ። ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ሐዋሳ ነው የሚኖረው።

በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ለልማት እንደሚነሳ ተነግሮን ነበር። ለእትዬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እሳቸው ደግሞ የቤታቸውን ሁለት ደረጃ እንኳ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚወጡት። አቅመ ደካማ ነኝ ብለው ቢያመለክቱ ምድር ላይ የሚሰጣቸው ዕድል ነበር፤ እኔው ልጻፍልዎ፣ እርስዎ መፈረም ብቻ ነው ብዬ ለመንኳቸው። አቅመ ደካማ የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም አሉ፤ አልፈረሙም። ልጃቸው እየደወለ ደረጃውን አይችሉትም፣ ቤቱን እናከራየውና እኔ ጋ ይምጡ ይላቸዋል። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ምራት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሲወጣ ሲገባ ሰው እያለፈባቸው፣ ዕድሜ ልክ እንግዳ ሆኖ መኖር ለእትዬ ከመሞት አይለይም። ደረጃውን ከቻሉት የራሳቸው በር ይኖራቸዋል፤ ካልቻሉት ሐዋሳ ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

ጎትጉቼ ጎትጉቼ ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። ልጅቷ በታጠፈ ወረቀት ዕጣ አወጣችልን። እኔ እንቅስቃሴ የሚማረው ቡድን ደረሰኝ። እትዬ ሌላው ቡድን ውስጥ ገቡ፤ እነሱ ምክር የታተመበት ወረቀት ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከባድ ዕቃ አታንሱ፣ ብዙ አትቀመጡ፣ ብዙ አትተኙ፣ እንዲህ የመሳሰለ። ጥናቱ ሲያልቅ እነሱም ይማራሉ አለች። መቼ ነው የሚያልቀው ስላት ከክረምቱ በኋላ። እኛ ቤታችንን የምንለቀው ከክረምቱ በፊት! ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ግን እኔ እየመረጥኩ ካስገባሁ ጥናት አይሆንም አለችኝ። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስባ አንድ ነገር ለመነችን፤ የተማራችሁትን ለሌላው ቡድን ሰው አታሳዩ።

ደሜ የፈላው እዚያው ነው። እንዴ! ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን እኔ መድኃኒቱን ይዤ እሳቸው ሲያቃስቱ በግድግዳው ልስማ? ሽሮ ሲያልቅብኝ ከጣሳቸው እየዘገኑ የሰጡኝን ሰው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደግን ሰዎች እኮ ነን። ታክሲ ውስጥ እስከ ሰፈር ድረስ ስነጫነጭ ሄድኩ፤ ስንወርድ እትዬ ሕግ ሕግ ነው አሉ። ፈተና ላይ የኮረጀ ተማሪ ወረቀቱን ቀደው ከክፍል ያስወጡ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ሌላ ምን ይበሉ።

ችግሩ ቤቴ ጠባብ ነው። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል እግር መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ እንቅስቃሴውን ጠዋት ጠዋት ግቢው መሃል ሰሌን አንጥፌ እሠራለሁ። በጀርባ ተንጋሎ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት አለ። በጉልበትና በእጅ ተንበርክኮ አንድ እጅና የሌላውን ጎን እግር መዘርጋት አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቀላል የሚመስለው ነው፤ እጅን ደረት ላይ አመሳቅሎ፣ ምንም ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። እጅ ነጻ ከሆነ ወንበሩን ይገፋል፤ ደረት ላይ ከታሰረ ግን ሥራው የእግርና የወገብ ይሆናል። የግቢው ሰው መጀመሪያ ሲስቅብኝ ከረመ። ስግደቱ ለየትኛው ታቦት ነው ያለኝም አለ።

እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ገጹ አይገለጥም። ቀና በይ፣ አንገትሽን ሰበርሽው፣ ይሉኛል ከጋዜጣው ጀርባ። እርስዎ በምን አወቁ ስላቸው ማየት አልተከለከለም ይላሉ። እንዲህ እየተባባልን ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በግድግዳው በኩል የወንበር ድምፅ ሰማሁ፤ ቋ ይልና ዝም፣ ቋ ይልና ዝም። ሄጄ በራቸውን ከፈትኩት። እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው፣ ግማሽ ተነስተው፣ መቆምም መቀመጥም አቅቷቸው ቀርተዋል። ደግፌ አቆምኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ሰሌናቸውን ይዘው መጡና ከጎኔ አነጠፉ።

ከዚያማ ማን ያቁመው። በግቢያችን ከሁለታችን ሌላ ሁለት ሴቶች ጥናቱ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷ የእኔ ቡድን፣ አንዷ የእትዬ። እነሱም ተጨመሩ። ቀጥሎ ወገባቸውን ያመማቸውም ያላመማቸውም መጡ። ጎረቤት ግቢ ያሉት በአጥር ላይ አይተው ወሰዱት። የቧንቧ ወረፋ ላይ ጄሪካኗን አስቀምጣ ግድግዳ ይዛ የምትቀመጥና የምትነሳ ሴት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀረ። እትዬ ደግሞ አንዴ ከገቡበት ተማሪነቱን ጥለው መምህርት ሆኑ፤ እየዞሩ የሰውን ጉልበት ያስተካክላሉ፣ ያላግባብ የተቀመጠውን ይቆጣሉ። የሚቆጡት ሰው ካገኙ ወዲህ ማቃሰታቸው ቀነሰ።

እኔን ግን አላሳረፈኝም። ሰሌን ላይ መገላበጥ ሌላ፣ አራት ፎቅ ሌላ። መንገድ ላይ ደረጃ ባየሁ ቁጥር እትዬ መሃሉ ላይ ቆመው ሲቀሩ ይታየኛል። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬ ይዣቸው መሄድ ጀመርኩ። ሕንጻው ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበላሻል፤ ማንም ስለዚህ አይገረምም። ጥበቃው ወዴት ናችሁ ሲለን ጉዳይ አለን እንለዋለን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጉዳይ አለኝ ብሎ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውልን ሰው ማን ይጠረጥራል? የመጀመሪያው ቀን አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ይነሱ እንጂ እትዬ፣ ክረምቱ እኮ ደረሰ አልኳቸው። ማባዛት ሳላስተምር ማካፈል ያስተማርኩት ልጅ የለም፣ አትቸኩይብኝ አሉኝ። በሌላ ቅዳሜ ሁለተኛው ደረሱ። እየቆየ ሦስተኛው። ከዚያ ወዲያ አልሄደም፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሻቸው ያልቃል፣ ጉልበታቸው እንቢ ይላል፣ እንመለሳለን። ስንወርድ እኔ እንደ እብድ ለብቻዬ አወራለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጅቷ ሁለቱንም ቡድን ለመሃል ምርመራ ጠራችን። እትዬ ሲገቡ እኔ ተራ እየጠበቅኩ፣ እንደ ልማዴ ቆሜ፣ በሩ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ እንደሚመችዎት አድርገው ከወንበሩ ይነሱ አለቻቸው። እትዬ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቀሉና ብድግ አሉ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንደዚያ አድርጎ የሚነሳ ሰው ከእሷ ትምህርት በቀር ከየትም አይመጣም። እኔ ዘልዬ ልገባ ስል እትዬ ቀደሙኝ።

«ኮርጄ ነው» አሉ።

የስንቱን ልጅ ወረቀት የቀደዱ ሴት፣ ተይዞ እንደ ቆመ ተማሪ ቀጥ ብለው፣ ዓይኗን እያዩ። ማን አሳየዎት ስትላቸው ማንም አላሳየኝም፣ ያየሁት እኔ ነኝ አሉ። በዚህ ጊዜ ገባሁና ሁሉንም አወራሁላት፤ ሰሌኑን፣ አጥሩን፣ የቧንቧውን ወረፋ። ከጥናቱ ሰዎች ብዙዎቹ የእኛው ሰፈር ሰዎች መሆናቸውን ሳወራ ነው እኔም ራሴ ያስተዋልኩት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ዓይነት ሥራ ከሠሩ ልዩነት አይታይም፣ ልዩነት ካልታየ ደግሞ ማስተማሩ አልጠቀመም ይባላል፣ ብላ ቀስ አድርጋ አስረዳችን። ታዲያ ይኸው ቆመው የለ፣ አይታይሽም ወይ አልኳት።

«ለእኔማ ይታየኛል» አለች። «ለሌላ ሰው ማሳየት ነው ያቃተኝ።»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት። ተናደድኩም፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቀውም። እትዬ ይቅርታ ጠየቋት፤ እኔ አልጠየቅኳትም። ዛሬም ብትሆን እንደዚያው ነው የማደርገው።

የመነሻው ቀን ደረሰና ሁሉም ዕቃውን እየጫነ በየፊናው ሄደ። ኮንዶሚኒየም ያልደረሰኝ እኔ ላንቻ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እትዬን ልሸኝ ከዕቃቸው ጋር ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ሄድኩ። ልጃቸውም ከሐዋሳ መጥቶ ነበር። ዕቃው ሲወጣ የልብስ ሻንጣቸውን ብቻ መኪናው ውስጥ አስቀረው፤ እንደማይችሉት ስላመነ ከዚያው ሊወስዳቸው ነው። እኔና እሱ ደረጃው ሥር ተፋጠጥን። እትዬ ማናችንንም አላዩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው መውጣት ጀመሩ። እኛም ከኋላ ከኋላ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንደፈራሁት ቆሙ። ልጁ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ የእሱን እጅ እኔ ያዝኩት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ እግራቸውን አነሱ። በራቸውን በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ልጁ ወረደና ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ማን ይከለክለኛል።

ክረምቱ አልፎ ጥናቱ ሲዘጋ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። የእኔ ወገብ ደህና ነው፤ ሲነካካኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጥናቱ ግን እንደፈራችው ሆኗል። ሁለቱም ቡድን ተሽሎታል፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ክፍሏም ባለችበት ቀረች። ተስፋ ግን አልቆረጠችም፣ ስህተቱ ከራሷ እንደሆነ ነገረችኝ። ዕጣውን በሰው በሰው ማውጣት አልነበረብኝም፣ በሰፈር በሰፈር ነው፤ አንዱ ሰፈር በሙሉ ይማራል፣ ሌላው ሰፈር በሙሉ ይጠብቃል፤ የሚቀጥለውን እንደዚያ እሠራለሁ አለች። የትኛውን ሰፈር አልኳት። የእኛ ግቢ ሰው የት የት እንደገባ ብትጠይቂኝ ግማሹን አላውቅም። ስወጣ ስለ እትዬ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው አለችኝ፤ ደህና ናቸው፣ ስደውል ሁልጊዜ ተመስገን ይሉኛል አልኳት።

«ሲደውሉ ብቻ ነው የሚያገኟቸው?» አለች።

ይቺ ጥያቄ ሰላም ነሳችኝ። ቅዳሜ እስኪደርስ ቆሜም ተቀምጬም አልሆነልኝም፤ ደረሰና ታክሲ እየቀያየርኩ ሄድኩ። እትዬ በሩን ሲከፍቱልኝ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው። ሰሌኑ ተጠቅልሎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብቷል። ዳቦውንም ሽንኩርቱንም የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ሚስት ታመጣላቸዋለች። ከገቡ ወዲህ ወርደው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዴ፣ ልጃቸው መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዳቸው። ነደደኝ። ያን ሁሉ ቅዳሜ የለፋነው ለዚህ ነው፣ የዚያችን ልጅ ጥናት ያበላሸነው ለዚህ ነው፣ እያልኩ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ። እትዬ አስጨረሱኝ።

«መውጣቱንማ ቻልኩት» አሉ። «ወርጄ ማን ጋ ልሂድ?»

ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለስኩ። በመስኮቱ የሚታየው ሁሉ ፎቅ ነው፤ ሁሉም በር ዝግ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሐዋሳን ፈርተን የሸሸነው እንግድነት እዚሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠብቋቸዋል። ልሄድ ስል ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። ከዛሬ ወዲያ እዚህ ድረስ አልወጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው ሥር እቆማለሁ፤ ከፈለጉኝ ይወርዳሉ፣ ካልወረዱ ታክሲዬን ይዤ እመለሳለሁ። ጨካኝ ነሽ አሉኝ። ነኝ አልኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረጃው ሥር ቆሜ ደወልኩ። መጣሁ አሉና ዘጉት። ከላይ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ጫማቸው ቀስ እያለ ሲወርድ ሰማሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ጠበቅኩ፤ የለም። ወድቀው ይሆን? አንዴ እግሬን ደረጃው ላይ አነሳለሁ፣ አልወጣም ብያለሁ ብዬ መልሼ አወርዳለሁ። የራሴ ቃል አነቀኝ። ከላይ የሆነ ሹክሹክታ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚባል አይለይም። እንደ ምንም ብዬ ልጣራ ስል ጫማው እንደገና መውረድ ጀመረ። አሁን የሁለት ሰው ነው።

እትዬ ግድግዳውን ሳይነኩ ብቅ አሉ። ከኋላቸው የማላውቃት ሴት፣ ወገቧን በእጇ ይዛ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየመረጠች ትወርዳለች።

«አቆየሁሽ» አሉኝ እትዬ። «ይቺን ሦስተኛ ፎቅ አገኘኋት፤ እሷንም ያማታል። አሳዪያት።»